ሜምብሬን ውሃ አያጣራም፣ አዮን ያሳልፋል፦ ለደጀኑ መምህር ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ጠያቂው ደጀን አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራሉ፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይማራሉ። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ «ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ሰው የሚጠጣው አንድ ምንጭ አለ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ግን ይመራል፣ ሳሙና አረፋ አይሰጥበትም፣ ያልለመደ እንግዳ ከጠጣው ያስቀምጠዋል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከሚጣል ነጭ ፎም የአዮን መለዋወጫ ሜምብሬን ሠርቼ ጨዉን ላስወግድለት አስቤያለሁ። ፎሙን በሰልፈሪክ አሲድ ሰልፎኔት አደርገዋለሁ፤ በስሱ አፍስሼ ሳደርቀው ውሃውን እንደ ጠላ ማጥለያ አሳልፍበታለሁ። ሲሞላ በጨው ውሃ አጥቤ መልሼ እጠቀምበታለሁ። ጀርሙንም አብሮ የሚይዝልኝ ይመስለኛል። ያዋጣል ወይ? ካላዋጣ ከጣና እምቦጭ ብሠራውስ?»

መነሻው ልክ ነው። ሰልፎኔት የተደረገ ፖሊስታይሪን፣ ማለትም ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው የሰልፎኔት ቡድን የተተከለበት የፎሙ ፕላስቲክ፣ ከእነዚህ ሜምብሬኖች ዋና ዋና ግብዓቶች አንዱ ነው፤ በሥራ ላይ ከዋለም ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን መታረም አለበት። ሳይታረም ላብራቶሪ ከተገባ ክረምቱም ገንዘቡም በከንቱ ያልቃል።

ከትልቁ ልጀምር። የአዮን መለዋወጫ ሜምብሬን፣ ማለትም አዮኖችን (ቻርጅ ያላቸውን የጨው ቅንጣቶች) እየመረጠ የሚያሳልፍ ስስ የፕላስቲክ ቅጠል፣ ውሃ አያጣራም። ውሃ ቢያፈሱበት ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ታች አይንጠባጠብም። በውስጡ ያሉት ክፍተቶች በናኖሜትር የሚለኩ ናቸው። እርስዎ በልብዎ የያዙት ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ነው። እዚያ ውሃው በፓምፕ ግፊት ሜምብሬኑን አልፎ ይወጣል፤ ጨዉ ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ውሃው ባለበት ይቀራል፤ የሚወጣው ጨዉ ነው። የሚያስወጣውም ግፊት ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው። ሂደቱ ኤሌክትሮዳያሊስስ ይባላል።

ለዚህ ሁለት ዓይነት ሜምብሬን ያስፈልጋል። አንደኛው ካታዮን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን አዮን የሚያሳልፍ ነው። ፖሊመሩ ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው የሰልፎኔት ቡድኖች ተተክለዋል፤ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሶዲየም በእነሱ መሃል ያልፋሉ። ሰልፌትና ክሎራይድ ግን ቻርጃቸው ከሜምብሬኑ ጋር አንድ ስለሆነ ተገፍተው ይመለሳሉ። ሁለተኛው አናዮን፣ ማለትም ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለውን አዮን የሚያሳልፍ ነው፤ የተተከሉበት ቡድኖች ፖዘቲቭ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ ኳተርነሪ አሞኒየም። ሁለቱ ዓይነቶች በየተራ ይደረደራሉ። በመካከላቸው ውሃ የሚሄድበት፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር የሚደርስ ክፍተት ይተዋል። በሁለቱ ጫፎች ኤሌክትሮድ ገብቶ ቀጥተኛ ከረንት ሲለቀቅ ካታዮኑ ወደ ኔጋቲቩ፣ አናዮኑ ወደ ፖዘቲቩ ይሄዳል። በአንዱ ክፍል ያሉት አዮኖች በሁለቱም በኩል መውጫ ያገኛሉ። ቀጥሎ ያለው ክፍል የገቡት ደግሞ በሁለቱም በኩል መንገዱ ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ አንዱ ክፍል እየለዘበ፣ ጎረቤቱ እየከረረ ይሄዳል።

አንድ ሜምብሬን ብቻውን ጨው የማያስወግደው ለዚህ ነው። ካልሲየሙ ወጥቶለት ሰልፌቱ ብቻውን የቀረበት ውሃ ሊኖር አይችልም፤ ቻርጁ መመጣጠን አለበት። ሰልፎኔት የተደረገው ሜምብሬንዎ እጅግ የተዋጣለት ቢሆን እንኳ የሥራውን ግማሽ ብቻ ይዟል።

«ሲሞላ አጥቤ» ያሉት ከሬዚን ጋር ተቀላቅሎብዎት ነው። ውሃ የሚያለሰልሱት ቢጫ ፍሬዎች ካልሲየም ይዘው ሶዲየም ይሰጣሉ፤ ሲሞሉ በጨው ውሃ ይታጠባሉ። ሜምብሬን ግን አያከማችም፣ ያሳልፋል እንጂ። ከረንቱ እስካለ ድረስ ሥራውን ይቀጥላል። ማጽዳት የሚያስፈልገው ገጹ ላይ ደለል ወይም ቅርፊት ሲጋገርበት ነው። ለዚህ ደግሞ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥሩ መላ አለ፤ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ማገላበጥ። ያኔ መጋገር የጀመረው ነገር ተመልሶ ይሟሟል።

ጀርሙን በተመለከተ አልደባብቅም። ኤሌክትሮዳያሊስስ ባክቴሪያም ቫይረስም አያስወግድም። የሚጠጣው ውሃ ሜምብሬኑን አላቋረጠም፣ በጎኑ ነው ያለፈው፤ ጀርሙም አብሮት አልፏል። ቻርጅ የሌለው ሲሊካም እንደዚያው ይቀራል። ውሃው ጨዉ ከወጣ በኋላ ክሎሪን ሊገባበት ግድ ነው። ከመግባቱ በፊት አይደለም፤ ክሎሪን በተለይ የአናዮኑን ሜምብሬን ይበላዋል።

አሁን ወደ ፎሙ። የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚገባው ነጭ ፎም ፖሊስታይሪን ነው፤ በዚህ አልተሳሳቱም። ችግሩ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች እርስ በርስ አለመታሰራቸው ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ዳይቪኒል ቤንዚን በሚባል ኬሚካል የተሳሰረ ነው። ሰልፎኔት ሲደረግ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ግን አይበተንም። የእርስዎ ፎም ይህ ማሰሪያ የለውም። ጥቂት ሰልፎኔት ካደረጉት ከረንት በቅጡ አያሳልፍም፤ ሲደርቅም ይሰባበራል። ብዙ ካደረጉት ውሃ ውስጥ ይሟሟል። መስታወቱ ላይ ያማረ ስስ ፊልም ያገኛሉ፤ ውሃ ሲነካው ይልፈሰፈሳል፣ ከዚያ ጄል ይሆናል፣ ከዚያ የለም። የሄደውም ወደ ሌላ አይደለም፤ ሰው ሊጠጣው ወደታሰበው ውሃ ነው።

ሌላም አለ። ይህ ሥራ ጥቅጥቅ ያለ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ብዙ ጊዜም ክሎሪን ያለባቸው ማሟሚያዎች ይጠይቃል። ጭስ መሳቢያ በሌለበት የትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ ተማሪ በሚመላለስበት ክፍል ይህን አይሥሩ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ስለ ሜምብሬኑ ከመቀጠሌ በፊት ግን ስለ ውሃው። ጎጃም ባጠቃላይ የጨው ችግር ያለበት አገር አይደለም። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች፣ ደጋው ላይ ከባሳልት ድንጋይ ስር የሚፈልቁት ምንጮች፣ ጣናም ራሱ ጣፋጭ ውሃ ናቸው። ባህር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ያለ አንባቢ ይህን አንብቦ ጨው ማስወገጃ ልግዛ እንዳይል። የደጀን ቆላ ልዩ የሆነው በአባይ ሸለቆ ምክንያት ነው። ወንዙ ባሳልቱን ቆርጦ ከስሩ ያሉትን የጥንት ደለል አለቶች አጋልጧል። ከእነዚህ አንዱ ጂኦሎጂስቶች በጎሃ ጽዮን ስም የሚጠሩት ንብርብር ነው፤ በውስጡ ጂፕሰም ማለትም ጀሶ አለ። አንድ ሊትር ውሃ ከ2 ግራም ትንሽ በላይ ጀሶ ማሟሟት ይችላል። የነገሩኝ ምልክት ሁሉ፣ ጥራቱም፣ ምሬቱም፣ የሳሙናው እምቢታም፣ የሆዱም ነገር፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰልፌት ወዳለበት ውሃ ይጠቁማል። የገበታ ጨው ላይሆን ይችላል።

ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ሥራውን በሙሉ ይለውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን ይወቁት። ግማሽ ሊትር አፍልተው ያቀዝቅዙ። ሲፈላ ነጭ ዝቃጭ ጥሎ ከለሰለሰ የውሃው ጥንካሬ (ሳሙና አረፋ እንዳይሰጥ የሚያደርገው ካልሲየምና ማግኒዚየም) በአብዛኛው የባይካርቦኔት ነበር፤ ሳይለወጥ ከቀረ የሰልፌት ነው። ጠቅላላ ጥንካሬውን በኢዲቲኤ ቲትሬሽን መለካት ለእርስዎ የዕለት ሥራ ነው። ሰልፌቱን በባሪየም ክሎራይድ ነጭ ዝቃጭ ማየት ይቻላል፤ ባሪየም ክሎራይድ መርዝ መሆኑን ግን ለተማሪዎቹ አስቀድመው ይንገሩ። ከዚያ ናሙናውን ወደ ሙሉ ላብራቶሪ ይላኩ፦ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም፣ ሰልፌት፣ ክሎራይድ፣ ባይካርቦኔት፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ብረት። ውጤቱ ሲመጣ የካታዮኖቹንና የአናዮኖቹን ድምር በሚሊኢኩቫለንት (ሚሊሞሉ በአዮኑ የቻርጅ ብዛት ሲባዛ) ያወዳድሩ። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ብዙ ከራቀ አንዱ ልኬት ተሳስቷልና ጽሑፍዎን በዚያ ላይ አይገንቡ። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሰልፌት በሊትር ከ500 ሚሊግራም ሲያልፍ ለጤና ባለሥልጣን እንዲነገር ይመክራል። ለፍሎራይድ 1.5፣ ለናይትሬት 50 ሚሊግራም ወሰን አለው።

የጀሶ ውሃ በኤሌክትሮዳያሊስስ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ይሄ ነው። ከለዘበው ክፍል የወጣው ካልሲየምና ሰልፌት በከረረው ክፍል ይገናኛሉ። እዚያ ከሚሟሟው መጠን በላይ ሲሆኑ ሜምብሬኑ ላይ ጀሶ ሆነው ይጋገራሉ። በቁጥር እንየው። ምንጩ በሊትር 1.4 ግራም ካልሲየም ሰልፌት አለው እንበል። እርስዎ ወደ 0.3 ማውረድ ይፈልጋሉ። የከረረው ውሃ ደግሞ ከ2.1 ባያልፍ ይመረጣል። የጨዉ መግቢያና መውጫ እኩል መሆን ስላለበት፣ ከ10 ሊትር ውስጥ የሚጠጣ ሆኖ የሚወጣው 4 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስድስቱ ይደፋል። ውሃ ከሸለቆ በአህያና በሴት ጀርባ በሚወጣበት አገር ይህ ቁጥር መደበቅ የለበትም፤ ጽሑፍዎ ላይ በግልጽ ይግባ።

መላ የለውም ማለት አይደለም። ቅርፊት ከልካይ ኬሚካል ይጨመራል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ማገላበጡም ይረዳል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ዘዴ ነው። የገበታ ጨው ተጨምሮ ሜምብሬኖቹ በአራት ክፍል ይደረደራሉ። ካልሲየሙ ከክሎራይድ ጋር በአንድ መስመር፣ ሰልፌቱ ከሶዲየም ጋር በሌላ መስመር እንዲወጣ ይደረጋል። ሁለቱም በደንብ የሚሟሟ ጨዎች ስለሆኑ ጀሶ የሚፈጠርበት ዕድል ይጠባል፤ የሚደፋውም ውሃ በጣም ያንሳል። ለእርስዎ የመጀመሪያ ጽሑፍ ይበዛል። መኖሩን ግን ይወቁ።

እንግዲህ ሜምብሬኑን ከምን ይሥሩት? ምክሬ አንድ ነው፤ ፖሊቪኒል አልኮሆልና ሰልፎሰክሲኒክ አሲድ። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይሠራሉ፤ መርዛም ማሟሚያ አያስፈልግም። ፖሊቪኒል አልኮሆል፣ ባጭሩ ፒቪኤ፣ በሰንሰለቱ ላይ ሙሉ የሃይድሮክሲል ቡድን ነው። ሰልፎሰክሲኒክ አሲድ ደግሞ ሁለት ካርቦክሲልና አንድ ሰልፎኔት አለው። በሙቀት ሁለቱ ካርቦክሲሎች ሁለት ሰንሰለቶችን ያስራሉ፤ ሰልፎኔቱ ቻርጅ ሆኖ ይቀራል። ፎምዎ ያጣውን ማሰሪያና የሚፈልገውን ቻርጅ አንድ ሞለኪውል ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

አሠራሩን በቅርብ ላሳይዎት። ከፍተኛ ሃይድሮሊሲስ ያለውን ፒቪኤ 10 ግራም በ90 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እያማሰሉ ይነስንሱ። ሙቅ ውሃ ላይ ከጣሉት ዱቄቱ ይጓጉላል፤ ውጪው ለስልሶ ውስጡ ደረቅ ይቀራል። ከተበተነ በኋላ ወደ 90 ዲግሪ ያድርሱት። ደጀን ከባህር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለመፍላት ጥቂት ሲቀረው ክዳን አድርገው ይያዙት፤ የተነነውን ውሃ ይተኩ። ፍጹም ጥርት ሲል ያቀዝቅዙት። ሰልፎሰክሲኒክ አሲድ አብዛኛውን ጊዜ በ70 በመቶ ፈሳሽ ስለሚሸጥ 3 ግራም ለማግኘት 4.3 ግራም ይጨምሩ። ካማሰሉ በኋላ እስከ ማግስቱ ይተውት፤ አረፋው ራሱ ወጥቶ ይጠፋል። ቸኩለው ካፈሰሱት እያንዳንዱ አረፋ ቀዳዳ ይሆናል።

መስታወቱ ውሃ ልክ ተይዞለት ፍጹም አግድም ይሁን። ዘንበል ካለ አንዱ ጫፍ ይወፍራል፤ ውፍረቱ ካልተስተካከለ ደግሞ ኋላ የሚለኩት ሬዚስታንስ ትርጉም አይኖረውም። በ1.5 ሚሊሜትር ካፈሰሱት ሲደርቅ 0.15 አካባቢ ይሆናል። ከአቧራ ሸፍነው በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ከዚያ ልጠው ኦቨን ውስጥ በ120 ዲግሪ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያቆዩት። ጠርዙ እንዳይጠቀለል በሁለት መስታወት መሃል ያድርጉት። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ቢሆን ደግ ነው። ቡኒ ከሆነ ተቃጥሏል፣ ይጣሉት። በመጨረሻም ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ያሳድሩት። እጅ ላይ የሚያሟልጭ ከሆነ ማሰሪያው አልያዘም፤ የኦቨኑን ጊዜ ይጨምሩ።

ይህ ሜምብሬን ወሰን አለው። ማሰሪያው የኤስተር ቦንድ ስለሆነ በጠንካራ አሲድ፣ በቤዝና በሙቅ ውሃ ቀስ እያለ ይፈታል። ለምርምር ይበቃል። ለመንደር የውሃ ተቋም፣ ዓመታት መቆየት ላለበት ሥራ አይበቃም። በጽሑፍዎም እንደሚበቃ አድርገው አይጻፉ።

የአናዮኑን ሜምብሬን አይሥሩ፤ ይግዙ። በአንድ ክረምት ሁለቱን ማዋለድ አይቻልም። የአናዮኑ የተለመደው መንገድ ክሎሮሜቲሌሽን ነው፤ ለዚህ ሲያገለግል የኖረው ክሎሮሜቲል ሜቲል ኢተር ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው። ኒኦሴፕታ፣ ሴሌሚዮን፣ ራሌክስ የሚባሉት በንግድ የሚገኙ ናቸው። አማካሪዎ በዩኒቨርሲቲው በኩል ጥቂት ቅጠል እንዲያስገዙልዎ ይጠይቁ። ለማነጻጸሪያም አንድ የካታዮን ቅጠል አብሮ ይምጣ። ያለ ማነጻጸሪያ የእርስዎ ሜምብሬን ጥሩ ነው መጥፎ ነው ማለት አይቻልም።

ልኬቶቹ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የመጀመሪያው የአዮን መለዋወጥ አቅም፣ ማለትም በአንድ ግራም ሜምብሬን ላይ የተተከለው የቻርጅ መጠን ነው። ሜምብሬኑን በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነክረው፣ ማጠቢያው ገለልተኛ እስኪሆን ድረስ በተጣራ ውሃ ደጋግመው ይጠቡት። በ1 ሞላር የገበታ ጨው ውስጥ አንድ ቀን ይተውትና የወጣውን አሲድ በ0.01 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በፌኖልፍታሊን ይለኩ። ለምሳሌ 0.40 ግራም ደረቅ ሜምብሬን 44 ሚሊሊትር ከወሰደ በግራም 1.1 ሚሊሞል ነው። እዚህ ላይ አንድ ማረጋገጫ አለ። በሰጠሁዎት ቀመር ከሰልፎኔት ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው 1.2 ገደማ ነው። ቲትሬሽኑ 1.8 ካለዎት ሜምብሬንዎ ግሩም ሆኖ አይደለም፤ አሲዱ በደንብ አልታጠበም።

ሁለተኛው መራጭነቱ፣ ማለትም ካታዮኑን አሳልፎ አናዮኑን የመመለስ ችሎታው ነው። በሜምብሬኑ አንድ በኩል 0.1፣ በሌላው 0.5 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ያድርጉ። ድርብ መጋጠሚያ ያላቸው ሁለት የብር ክሎራይድ ሪፈረንስ ኤሌክትሮዶች ከተው ቮልቴጁን ያንብቡ። ፍጹም መራጭ የሆነ ሜምብሬን በ25 ዲግሪ ወደ 37 ሚሊቮልት ይሰጣል። 33 ካነበቡ መራጭነቱ 90 በመቶ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከዚያ ኤሌክትሮዶቹን ቦታ ቀያይረው እንደገና ያንብቡና አማካዩን ይውሰዱ፤ የኤሌክትሮዶቹ የራሳቸው ልዩነት በዚያ ይጠፋል። በንግድ ያሉት ከ90 በመቶ በላይ ናቸው። ሬዚስታንሳቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ኦም ስኩዌር ሴንቲሜትር ነው።

የዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ቻርጅ ሲጨምሩ ሜምብሬኑ ከረንት በቀላሉ ያሳልፋል፤ ግን ውሃ እየጠጣ ያብጣል። ሲያብጥ የተተከሉት ቻርጆች ይራራቃሉ፤ መግፋት የነበረባቸውን አናዮኖች መግፋት ያቅታቸዋል። ማሰሪያ ሲጨምሩ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ሬዚስታንሱ ግን ከፍ ይላል። አንዱን ሲያተርፉ ሌላውን ያጣሉ። ፋብሪካዎቹም ዛሬ ድረስ የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። በእርስዎ ቀመር ደግሞ አሲዱ ማሰሪያም ቻርጅም ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይጨምራሉ። መጠኑን ከፒቪኤው 20፣ 30 እና 40 በመቶ አድርገው ሦስት ሜምብሬን ቢሠሩ የት ላይ እንደሚሻል ያያሉ። ይህ ብቻውን ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

የጽሑፍዎ ልብ እንዲሆን የምመኘው ግን የሚከተለው ነው። አብዛኛው ሰው ሜምብሬኑን በሶዲየም ክሎራይድ ፈትኖ ያቆማል። የእርስዎ ውሃ የካልሲየም ነው። ካልሲየም ሁለት ቻርጅ ስላለው ሰልፎኔቶቹን አጥብቆ ይይዛል። ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ መራጭነቱ ይወርዳል። በገበታ ጨው 90 በመቶ ያሳየ ሜምብሬን በካልሲየም ጨው ዝቅ ብሎ ቢገኝ አይደንግጡ፤ ያንን ነው መዘገብ ያለብዎት። ስለዚህ ሁሉንም ልኬት ሁለት ጊዜ ያድርጉ፤ አንዴ በሶዲየም፣ አንዴ በካልሲየም። ከዚያ በምንጩ ውሃ በራሱ። የደጀን ቆላን ውሃ የሚያህል መፈተኛ የለዎትም።

ትንሿን ሴል ሲገጥሙ ሁለት ጥንቃቄ። በፖዘቲቩ በኩል ስቴይንለስ ብረት አያድርጉ። ይበላል፤ ኒኬልና ክሮሚየም ወደ ፈሳሹ ይገባል። ክሮሚየሙ መርዛማ በሆነው ዓይነቱ ሊወጣ ይችላል። ለአጭር ሙከራ ግራፋይት ይሆናል፤ ለረጅሙ በከበረ ብረት ኦክሳይድ የተለበጠ ቲታኒየም ነው። በኔጋቲቩ በኩል ስቴይንለስ ችግር የለውም። ኤሌክትሮዶቹን በሚያጥበው ፈሳሽ ደግሞ የገበታ ጨው ሳይሆን ሶዲየም ሰልፌት ይጠቀሙ፤ በገበታ ጨው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ሃይድሮጂንም ይወጣልና እሳት አይቅረብ።

ከረንቱን እስከፈለጉ አይጨምሩ። ከረንት ሲበዛ ሜምብሬኑ ገጽ ላይ ያለው አዮን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ ራሱን ውሃውን ወደ መሰንጠቅ ይሄዳል። ፒኤቹ ይዛባል፣ ቅርፊት ይጋገራል፣ ኃይሉም ይባክናል። ቮልቴጁን ቀስ እያሉ ከፍ አድርገው ከረንቱን ይመዝግቡ። ግራፉ የሚታጠፍበት ቦታ ያ ወሰን ነው፤ ከእሱ በታች ይሥሩ። ለምሳሌ 20 ስኩዌር ሴንቲሜትር ሜምብሬን በ0.1 አምፒር ቢሠራ፣ ከአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊኢኩቫለንት ለማውጣት ከ5 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። መብራት ሊሄድ ይችላልና የመኪና ባትሪ አጠገብዎ ይኑር። ሂደቱ የሚፈልገው ቀጥተኛ ከረንት ስለሆነ ባትሪም ሶላርም ይመቸዋል።

ኃይሉ ብዙ አይደለም። ያንኑ 20 ሚሊኢኩቫለንት በሊትር ከአንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ለማውጣት በፋራዴይ ሕግ ለአንድ ጥንድ ሜምብሬን 536 አምፒር ሰዓት ያስፈልጋል። በየጥንዱ ግማሽ ቮልት ብንይዝና ብክነቱን ብንጨምር 0.3 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ፓምፑ ለብቻው። ጨዉ ሲበዛ ወጪው አብሮ ስለሚበዛ ለባህር ውሃ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይመረጣል። ኤሌክትሮዳያሊስስ የሚያዋጣው እንደ እርስዎ ላለ፣ በሊትር ጥቂት ግራም ጨው ላለው ውሃ ነው።

እምቦጩን በአጭሩ። ሴሉሎስ ቻርጅ የለውም፤ መጀመሪያ ማውጣት፣ ማንጣት፣ ከዚያ በኬሚካል ቻርጅ መትከል ያስፈልጋል። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ነው። ለፒቪኤው ማጠናከሪያ ክር አድርጎ መሞከር ይቻል ይሆናል፤ ዋና ግብዓት አድርገው ግን አይጀምሩት። ጣናን ከእምቦጭ የማጽዳት ጉጉትዎን አከብራለሁ። ሁለቱን ችግር በአንድ ጽሑፍ አይጫኑት።

ስለ መንደሩ ሰዎችም ልናገር፤ ጥያቄዎ የተነሳው ከእነሱ ነውና። በዚህ ሜምብሬን ውሃ አያጠጧቸው። ሙከራ ላይ ያለ ፖሊመር ውስጥ ምን እንደሚወጣ ሳይለካ ሰው አፍ መድረስ የለበትም። እዚያ አካባቢ ባሳልቱ ከላይ፣ ጀሶው ከታች ነው። ከጀሶው በላይ የሚፈልቅ ምንጭ ከተገኘ በቧንቧ፣ ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ቁልቁለት ይወርዳል። ይህ ከየትኛውም ሜምብሬን ይረክሳል፣ ረጅም ዕድሜም አለው። ካልተገኘ የክረምቱን ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ አጠራቅሞ ለመጠጥ ብቻ መለየት፣ የምንጩን ውሃ ለእጥበትና ለሌላው መተው ይቻላል። ሁለቱም ካልሆነ ብቻ በንግድ የተሠራ አነስተኛ መሣሪያ ይታሰብ። ያኔም የሚደፋው ውሃ የት እንደሚሄድና ሜምብሬኑ ሲያልቅ ማን እንደሚገዛ አስቀድሞ ይወሰን።

ለጽሑፍዎ ርዕሱን እንዲህ ያጥቡት፦ ከፒቪኤና ከሰልፎሰክሲኒክ አሲድ የተሠራ የካታዮን ሜምብሬን፣ ጀሶ ባለበት ውሃ ያለው ባሕርይ፣ በንግድ ካለው ጋር ሲነጻጸር። ዝናቡ ምንጩን ከማቅጠኑ በፊት፣ በግንቦት ናሙና ይውሰዱ። በነሐሴ ሌላ ይጨምሩ። የሁለቱ ወራት ልዩነት የትኛውን ውሃ ይዘው እንደሚፈትኑ ይወስንልዎታል።